ሐጂና እኔ ያልተቀመጥንበት ወንበር

እንደ ፈረንጆቹ በ2024 ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር... ያውም እንደ ፓስፖርቴ። ሐበሻ ቀድሞ ከሚቀመጥ ቆሞ ቢሞት ይመርጣል! ቀልድ እንዳይመስልህ፤ በዩኒቨርሲቲ ተጠንቷል።

የልጅ ልጄ ሊያ ዴንቨር ዲዛይን ትማራለች። ለሽማግሌ የሚመች፣ ሁለት ሰው የሚይዝ አግዳሚ ወንበር ሠራች። እኔ ያምራል ብዬ መርቄ ጨርሼ ነበር። ለካ ማማር ድሮ ቀርቷል! ዘንድሮ ሥነ ጥበብ የሚማር ሁሉ ሪሰርች ካላደረገ አያልፍም አሉ። አስተማሪዋ፣ ሰው ራሱ ፈልጎ ሲቀመጥ በዓይኗ ማየት አለባት። ተቀመጡ ብሎ ማዘዝ ክልክል ነው። ማንም ካልተቀመጠ ሊያ ወደቀች ማለት ነው።

ወንበሩ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ከተማችን ኦሮራ፣ አፓርታማችን ግቢ ውስጥ ቀረበ። አስተማሪዋ ዛፍ ሥር ቆማ ትጽፋለች። እኔና ጎረቤቴ ሐጂ ሙክታር ወረድን።

"ይቀመጡ ሐጂ።"

"ታላቄ ቆመው? እርስዎ ይቅደሙ እንጂ።"

"ማን ነው ታላቅ? እርስዎ ነዎት!"

ፓስፖርት ቢወጣ ሁለታችንም በአንድ ዓመት፣ ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለድነው። (አንተስ አንባቢዬ? ተወው፣ አውቄዋለሁ።) እሳቸው በአላህ አሉኝ፣ እኔ በገብርኤል አልኳቸው። በመጨረሻ እኩል እንቀመጥ ተባብለን ጎንበስ አልን... ሰረቅ አድርጌ ሳያቸው ለካ እሳቸውም እኔን እያዩ ነው! ተያይዘን ብድግ። ደግመን ጎንበስ፣ ደግመን ብድግ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ አስተማሪዋ ሊያን ጠጋ ብላ፣ ይኼ ወንበር ነው ወይስ የስፖርት መሣሪያ አለቻት። የልጅቷ ፊት ልውጥ አለ።

"አያቴ፣ ፕሊስ..." ብላ የቀረውን ዋጠችው። ማዘዝ ክልክል ነዋ!

አስተማሪዋ ነገ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ መጥቼ አያለሁ ብላ ሄደች። አክብሮት ልጅ ከትምህርት ሲጥል አይተህ ታውቃለህ?

በማግስቱ ማልጄ ወረድኩ፤ ብቻዬን ከሆንኩ ማን ይቅደሙ ይለኛል? ምን ቢሆን ጥሩ ነው... ሐጂ ያንኑ አስበው፣ ቀድመውኝ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጠዋል! ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ፣ ሊያና አስተማሪዋ በበሩ ሲገቡ፣ ሐጂ እኔን አዩኝ።

"ኖር!" ብለው ብድግ።

በእግዜር ማለት ሲገባኝ፣ ትከሻቸውን ይዤ መልሼ ቁጭ አደረግኳቸው። ሊነሱ ቢታገሉ ጭናቸው ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪዋ በሊያ በኩል፣ የተቀመጣችሁት በፈቃዳችሁ ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

"እኔስ በፈቃዴ ነው፤ ከሥር ያሉትን ይጠይቋቸው" አልኩ።

ሊያ የመጀመሪያውን ብቻ ተርጉማ ፈተናውን አለፈች።