ከጠርዙ ስንት ይግባ?

(ጠባብ ቢሮ፤ ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን። አንዱ ጋ «ሊቁ» የሚሉት ነባር ፕሮግራመር ተቀምጧል። ስሙን በሹፈት አውጥተውለት እሱ የምሩን ወዶታል። አጠገቡ የታናሽ እህቱ ባል አለ፤ ለምኖ ያስቀጠረውም ሊቁ ነው። ዛሬ አለቃቸው የሁለቱንም ሥራ ታያለች፤ ያልሠራ ይሰናበታል። አማች ስክሪኑ ላይ ማስመሪያ ለጥፏል።)

ሊቁ፦ ኧረ በፈጠረህ! በማስመሪያ?

አማች፦ ጋሼ፣ «መስመሩ ከጠርዙ ገባ ካላለ ፕሮግራሙ እምቢ ይላል» ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? አንድ ሴንቲሜትር አስገባሁት።

ሊቁ፦ ኮድ እኮ ነው፣ መጋረጃ አይደለም! መስመሩን በአንዴ ገፍቶ የሚያስገባ ታብ የሚባል ቁልፍ አለልህ።

አማች፦ ነክቼው ነበር። ዘሎ መሀል ሜዳ ወጣ! አጥፍቼው በስፔስ ቁልፍ ቀስ እያልኩ ገፋሁት። አውራ ጣቴን ይዩት፣ አብጧል።

ሊቁ፦ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ዝላዩን ታሳጥረዋለህ፣ አለቀ!

አማች፦ የእርስዎ ስንት ነው?

ሊቁ፦ አራት ስፔስ ነበር። ሁለት አደረግኩት፣ አፈነኝ። ሦስት አደረግኩት፣ ዓይኔን ወጋኝ። አሁን አራት ነው።

አማች፦ ወደ ድሮው ተመለሱ?

ሊቁ፦ ምን መመለስ! የድሮው ዝም ብሎ አራት ነበር፤ ይሄ ታስቦበት ነው።

አማች፦ አሃ።

ሊቁ፦ እህቴ ግን ምን አይታብህ ነው?

አማች፦ እሷም ትጠይቀኛለች።

ሊቁ፦ ቆይ አለቃችን ትምጣ፤ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው!

(አለቃዋ ትገባለች። የአማችን ፕሮግራም ትነካለች። ይሠራል።)

አለቃ፦ ጎሽ! (ወደ ሊቁ) ያንተስ?

(የሊቁ ስክሪን ባዶ ነው።)

ሊቁ፦ እ... ሳምንቱን ሙሉ ታቡን ሳስተካክል ነበር። አሁን ልክ አራት ይገባል።

አለቃ፦ ምኑ ነው የሚገባው?

አማች፦ (ለሊቁ አዝኖ፣ ባዶውን ገጽ በማስመሪያው ለክቶ) እመቤቴ፣ ልክ ነው! አንድም የተጣመመ መስመር የለውም!

አለቃ፦ እስከ ማታ ጽፈህ ካላሳየኸኝ ነገ እንዳትመጣ።

(ትወጣለች። ሊቁ በሩን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።)

ሊቁ፦ አማቼ... ያቺን ማስመሪያ ታውሰኛለህ?

አማች፦ ምን ገዶኝ ጋሼ! ብቻ አደራ፣ ሴንቲሜትሩን እንዳይቀይሩብኝ።