እሳቱ ጊታሪስት፣ ውሃው ዘፋኝ

ሰው ከሰው ሲጣላ ምክንያቱን ቅርብ መፈለግ አይወድም። ቅርብ ከፈለገ ራሱን ሊያገኘው ይችላላ! ስለዚህ ራቅ አድርጎ ይፈልጋል፤ ከቻለም ሰማይ ላይ። ባልና ሚስት በወጥ ጨው ሲነታረኩ ከርመው «ኮከባችን አልገጠመም» ብለው ይፋታሉ። ሁለት ሸሪኮች ሲተማሙ ኖረው ሱቃቸውን በኮከብ አሳብበው ይዘጋሉ። ኮከብ ደግሞ ምስኪን ነው፤ መልስ አይሰጥ፣ ጠበቃ አያቆም፣ የተጫነበትን ሁሉ ተሸክሞ ሲያበራ ያድራል። እናንተም ብትሆኑ አትካዱ፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ አማታችሁን በኮከብ ሳታሙ አልቀራችሁም። እኔ በኮከብ የፈረሰ ትዳር ብዙም አልገጠመኝም። በኮከብ ሊፈርስ የደረሰ የሮክ ባንድ ግን አይቻለሁ። ያውም ውስጡ ሆኜ ከበሮ እየመታሁ፣ ያውም ጂንካ!

«ጂንካና ሮክ ምን አገናኛቸው?» ብላችሁ አትሳቁ። ዘመኑ የደርግ ነው። ቀበሌው የኪነት ቡድን ነበረው፤ እኛ ደግሞ የኪነቱ «ዘመናዊ ክፍል» ነበርን። ሊቀመንበሩ አጠገባችን ሲሆኑ ስለ ምርት ዘመቻ በወግ በማዕረግ እንዘፍናለን። ሻይ ሊጠጡ ወጣ ሲሉ ማጉያውን ከፍ፣ ፀጉራችንን ብትን አድርገን ያንኑ የምርት ዘፈን በሮክ እንገለብጠዋለን። ግጥሙ ያው ስለሆነ ድንገት ቢመለሱ እንኳ የሚከሱን ነገር አያገኙም። የአዳራሹ ቆርቆሮ ሲንቀጠቀጥ፣ መሀል ከተማ ባለው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ የሚግጡት ከብቶች ሳይቀሩ ቀና ብለው ያዩን ነበር።

አራት ነበርን። ታደሰ ሊድ ጊታር ይጫወታል፤ ወላጆቹ ከመንዝ መጥተው ጂንካ ላይ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። ጀማል የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ቤዙን በአባቱ አሮጌ ሬዲዮ በኩል ያንጎራጉራል። ሳሙኤል ዘፋኛችን የአሪ ገበሬ ልጅ ነው፤ ድምፁን የሳለው ከጴንጤ መዘምራን ጋር ነው፣ «አሜን» ሲል ያደገ ጉሮሮ ደግሞ ጥሎበት ይረዝማል። እኔ ከበሮ መቺው ነበርኩ። ከበሮዬ ግማሹ ከበሮ፣ ግማሹ የዘይት ቆርቆሮ ነው።

ጠቡ የሳሙኤልና የታደሰ ነበር። ማጉያው አንድ ብቻ ነው። ሁለት ቀዳዳ አለው፤ በአንዱ ማይክራፎኑ፣ በሌላው ጊታሩ ይሰካል፣ አንዱ ከፍ ካለ ሌላው ይሰምጣል። ታደሰ ጊታሩን ብቻውን ማስጮህ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ ሳሙኤል አፉን ከፍቶ ተራውን ሲጠብቅ ዝንብ ሊገባበት ይደርሳል። ሳሙኤልም በተራው አንዲት «ኦ» ይይዝና እሱ እስኪጨርስ እኔ ከበሮዬን ትቼ ጫማዬን አስር ነበር። ጠቡ ሲጦፍ አንዱ የሌላውን ሶኬት እስከመንቀል ደረሱ። እሳትና ጭድ ሆኑ ስላችሁ!

ይህ ሁሉ ሲሆን አርባ ምንጭ ላይ የክፍለ ሀገሩ የኪነት ውድድር ደርሷል። «እርስ በርስ ከተባላችሁ ከሀና ከተማ የባህል ቡድን አስመጥቼ እልካለሁ» ብለው ሊቀመንበሩ ቁርጡን ነገሩን። ለሦስታችን ጉዳዩ ሽርሽር ነበር፤ ተማሪዎች ነን፣ ብንቀር ቅር ይለናል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ሳሙኤል ግን ትምህርቱን አቋርጦ ከአባቱ ጋር ያርስ ስለነበር ለብሔራዊ ውትድርና ዓይን ተጥሎበታል። ለክፍለ ሀገሩ ኪነት የተመረጠ ወደ ጦር ሜዳ አይላክም ይባል ነበር። ልጁ የሚዘፍነው ለነፍሱ ነበር ማለት ነው። እኛም ይህን እናውቅ ነበር። እያወቅን ነው እንግዲህ የተጣላነው።

«መሪጌታ ዘንድ እንሂድ» ያለው ጀማል ነው። መሪጌታ ማክሰኞ አልዱባ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ላይ ምላጭና መርፌ ይሸጣሉ። ምላጩ ለዓይን ነው፤ እውነተኛው ንግዳቸው ኮከብ ነበር። ስምህንና የእናትህን ስም ትሰጣቸዋለህ፣ ፊደሉን በቁጥር መንዝረው እሳት ነህ፣ አፈር ነህ፣ ነፋስ ነህ፣ ውሃ ነህ ይሉሃል። መንግሥት ይህን «አጉል እምነት» ስለሚለው ምላጭ የምንመርጥ መስለን ከበን ቁጭ አልን። ከዚያ አንድ በአንድ እየተጠጋን ስማችንን በጆሯቸው አንሾካሾክን።

መሪጌታ ጥቂት አጉተመተሙና ታደሰን አዩት። «አንተ እሳት ነህ። ቁጡ፣ ልቅደም ባይ።» እርስ በርስ ተያየን። ሳሙኤልን «ውሃ፤ መፍሰስ እንጂ መቆም አታውቅም» አሉት። ያቺ «ኦ» ትዝ አለችንና አንገታችንን ነቀነቅን። ጀማልን «ነፋስ ነህ፣ ሀሳብህ ወደነፈሰበት ነው» ሲሉት እሱ ራሱ «እውነታቸውን ነው» አለ። እኔን ደግሞ «አፈር፤ ዝምተኛ፣ ምስጢር ቀባሪ» አሉኝ። እዚህ ላይ ሁሉም ሳቀብኝ። እኔ አፌ አርፎ እንደማያውቅ ገበያተኛው ሁሉ ያውቃላ! መሪጌታ አልተበገሩም። «ነፋስ እሳትን ያነድዳል፣ አፈር እሳትን ይሸከማል። ውሃው ነው የበዛው። ውሃው ካልወጣ ማኅበራችሁ ዓመት አይደፍንም» ብለው ምላጫቸውን መደርደር ጀመሩ።

አሁን ብታስቡት ያስቃል። ዘፋኝ የሌለው ባንድ ምን ሊዘፍን ነው? ያኔ ግን ኮከብ ተናገረ ተባለና አለቀ። ሰኞ አዳራሽ ተሰበሰብን። ያኔ ማንኛውም ስብሰባ ያለ ሂስና ግለ ሂስ አይደረግም፤ እኛም የኮከብ ጉዳያችንን በአብዮታዊ ሥርዓት ይዘነው ቁጭ አልን። ጀማል «የጓድ ሳሙኤል ኮከብ ለቡድኑ እንቅፋት ሆኗል» ብሎ ሂስ አቀረበ። የሚቃወም ጠፋ። እኔ እንኳ፣ ያ ሁሉ ምላሴ ታስሮ፣ የዘይት ቆርቆሮዬን አቀርቅሬ አያለሁ። ሳሙኤል ተነሳና የማይክራፎኑን ገመድ ቀስ ብሎ ጠቀለለው።

«ውሃ ከሆንኩ ልሂድ» አለ። «ጦር ሜዳም ውሃ ጥም አለ ይባላል፤ እዚያ እጠቅማለሁ።»

ሊያስቀን ነበር፤ ማንም አልሳቀም። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ታደሰ ብድግ አለ። ፊቱ ቀልቷል። «ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ። ለመሪጌታ የነገርኳቸው የእናቴን ስም አይደለም።»

«የማንን ነው ታዲያ?» አልኩት።

«የጎረቤታችንን፣ የወይዘሮ ብርቄን። እናቴ ከልጅነቴ ጀምራ፣ ‹ስሜን ለደብተራ ብትሰጥ ጡቴን አላጠባሁህም› ትለኛለች፤ መተት ትፈራለች። ከወይዘሮ ብርቄ ጋር ደግሞ በአጥር ተጣልተው አይነጋገሩም። ነገሩ መተት ካለበት እሳቸውን ያግኝ ብዬ ነው።»

ጀማል አንገቱን ማከክ ጀመረ። «እኔም የሰጠሁት የዳይሬክተራችንን ሚስት ስም ነው። የመስጊዳችን ሼሁ ቢሰሙ ምን እላለሁ? የእናቴ ስም ከሌለበት እኔ አልተቆጠርኩም፤ ‹ጓደኞቼን ልሸኝ ብቻ ነው የሄድኩት› እላቸዋለሁ።»

ሁላችንም ወደ ሳሙኤል ዞርን። የጠቀለለውን ገመድ እንደያዘ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎን ነበር። ለካ እየሳቀ ነው! «እኔ ሣራ ነው ያልኳቸው» አለ። «ፓስተሩ ቢጠይቁኝ፣ የአብርሃምን ሚስት ነው ያስቆጠርኩት ልል ነበር።»

በሳቅ ፈረስን። ታደሰ ሳሙኤልን አቅፎ ሲስቅ ሲስቅ ማልቀስ ጀመረ፤ ገመዱንም ራሱ ፈቶ መልሶ ሰካለት። ከአራታችን የእናቴን ስም በትክክል የሰጠሁት እኔ ሞኙ ብቻ ነበርኩ።

አርባ ምንጭ የደረስነው በጭነት መኪና ነው። መንገዱ ከእኛ ይልቅ ማጉያውን አንገላታው። መድረክ ላይ ወጥተን ልንጀምር ስንል አንዱ ቀዳዳ አልሠራም አለ። የታደሰ ጊታር ይጮኻል፣ የሳሙኤል ማይክራፎን ግን ጭጭ ብሏል። ዳኞቹ ይጠብቃሉ። ሳሙኤል ታደሰን አየው፣ ታደሰም ሳሙኤልን አየው። ከዚያ ያ «ልቅደም ባይ» የተባለው ልጅ ጎንበስ ብሎ የራሱን ሶኬት ነቀለና የሳሙኤልን ሰካ። ዘፈኑን ሙሉ፣ ድምፅ የሌለውን ጊታሩን ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ እብድ እየተወራጨ ተጫወተ። ሳሙኤል ያቺን «ኦ» ያዛት። ያን ቀን ማንም አሳጥራት አላለውም። እኔ ከበሮዬን እየመታሁ እንባዬ ዘይት ቆርቆሮው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ዳኞቹ ባንዱን እንኳ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ሳሙኤልን ግን ለክፍለ ሀገሩ ኪነት እዚያው አስቀሩት። ዘፋኛችንን ሸኝተን ሦስት ሆነን ጂንካ ገባን፣ ባንዱም ፈረሰ። ዓመት አልደፈነም።

መሪጌታ ቅዳሜ ገበያ ላይ አዩኝና «ውሃው ሲወጣ ምነው አብራችሁ ደረቃችሁ?» አሉኝ። በወይዘሮ ብርቄ፣ በዳይሬክተሩ ሚስትና በአብርሃም ሚስት ኮከብ እንዴት ይህን ያህል ወደ እውነቱ እንደተጠጉ እስከ ዛሬ አይገባኝም። በእውነተኛ ስም የተቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ጨርሶ የሳቱትም እኔን ብቻ ነው። ምስጢር ቀባሪ ብለውኝ አልነበር? ይኸው የባንዱን ምስጢር አንድ ሳላስቀር ዘርግፌላችኋለሁ።

የእናቴን ስም ግን እንዳትጠይቁኝ። ሞኝ የሚሆኑት አንዴ ነው።