መስኮት ሥር የተቀመጠው ቲማቲም

ቲማቲም ከማሳ ተነሥቶ ሰው አፍ እስኪደርስ የሚጓዝበትን መንገድ ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ይህን የምናገረው በትሕትና ነው። «ዘላቂ የምግብ እሴት ሰንሰለት» የሚባለውን ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ገበያ ወርጄ ቲማቲም የገዛሁበትን ቀን ግን አላስታውስም፤ የምትገዛው ባለቤቴ ብርነሽ ናት።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. ሃያ አራት ተማሪዎችን ሐረር ላይ እንዳሠለጥን ተመደብኩ። ርእሱ «ምግብን ሳይበላሽ ለተጠቃሚ ማድረስ» ነው። ሥልጠናው ተግባር ተኮር ይሁን ስለተባለ፣ ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ ቲማቲም የሚቸረችሩትን እናት፣ አዴ ሳዳን፣ ከነሁለት ሳጥን ቲማቲማቸው ወደ ሆቴሉ አዳራሽ ጋበዝኳቸው። ማለዳ በባጃጅ መጡ። ሳጥኖቹን ሁሉም እንዲያያቸው ብዬ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐዩ ላይ አስቀመጥኳቸው።

በሦስት ሰዓት ይደርሳሉ የተባሉት የክብር እንግዳ በአምስት ሰዓት ደረሱ። «ብክነትን ሳንቀንስ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አናርፍም» እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። አጨበጨብን።

አዴ ሳዳ እጃቸውን አወጡ።

«አንተ መምህር!» አሉኝ፤ ሐረር አንቱታ አታበዛም። «ይሄ የበሰለው ዛሬ ካልተሸጠ ነገ ውሃ ነው። ምግብ ቤቶቹ እኔን ካጡ ከሌላ ይገዛሉ።»

«አዴ ሳዳ፣ እርስዎ እኮ አሁን ባለድርሻ አካል ሆነዋል።»

«ወላሂ እኔ ምንም አልሆንኩም። የሆነው ቲማቲሜ ነው።»

የብክነት መንስኤዎችን በተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ እንደምናነሣ አስረዳኋቸው። ገና ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ነበርን።

ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ሰንሰለቱን መሳል ጀመርኩ፤ ገበሬ፣ ቀስት፣ ሰብሳቢ፣ ቀስት፣ ነጋዴ፣ ቀስት። እንደዚያን ዕለት ያለ ጸጥታ በክፍሌ ኖሮ አያውቅም። ትምህርቱ ገባቸው ብዬ ልቤ ሞላ። ዞር ስል አዳራሹ ውስጥ የቀሩት የክብር እንግዳው ብቻ ናቸው። እሳቸውም እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሳጥኖቹ የሉም።

እየሮጥኩ ወጣሁ። ያገኘኋቸው ፈረስ መጋላ ነው። ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ብላ የማታውቀው ኢክራም «ለዛሬ ወጥ! ለዛሬ ወጥ!» እያለች ትጣራለች። አዴ ሳዳ መሬት ቁጭ ብለው ይለያሉ፤ የበሰለውን ተማሪዎቹ ወደ ምግብ ቤቶች ያሮጡታል፤ ጠንከር ያለው ለነገ ጥላ ውስጥ ይገባል፤ መስኮቴ ሥር የፈነዳው ለፍየል ይጣላል። አንደኛው ሳጥን አልቋል።

«ያለ ፈቃድ ነው የወጣችሁት!» አልኩ።

«ቲቸር፣ ሦስት ጊዜ ጠየቅንዎት» አለች ኢክራም። «ቀስት እየሳሉ ነበር።»

አፈርኩ። ደግነቱ የተማረ ሰው ኀፍረቱን ወደ ሪፖርት መለወጥ አያቅተውም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አሠልጣኙ በነደፉት አዲስ ዘዴ ሠልጣኞች በራሳቸው ተነሣሽነት ወደ ገበያ እንዲሠማሩ ተደርጓል። አሠልጣኙም ሆን ብለው ጣልቃ ከመግባት ተቆጥበዋል።»

የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ዶክተር ኤልሳዕ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«መምህር ደምሴ፣ ይህ ዘዴ በወረቀት ላይ ብቻ መቅረት የለበትም!» አሉ። «ለመምህራኑ ሁሉ እዚያው ገበያው ላይ ያሳዩልን።»

እንቢ ብል እውነቱን ልናገር ነው። እሺ አልኩ።

በወሩ ዘጠኝ ባልደረቦቼ ማስታወሻ ደብተር ይዘው ፈረስ መጋላ ቆሙ። አዴ ሳዳም ስለምናቸው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። አንዲት ሴት መጥታ ቲማቲም ጨበጥ ጨበጥ አደረገች።

«የዛሬ ነው?»

«እመቤቴ፣ ከምርት መሰብሰብ በኋላ ያለው የቆይታ ጊዜ እንደ ሙቀቱና እንደ እርጥበቱ መጠን ይለያያል።»

የያዘችውን መልሳ አስቀምጣ ሄደች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋ አጎንብሳ ሳለ «የአቅርቦት...» ብዬ ስጀምር አዴ ሳዳ ብድግ አሉና ክርኔን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ አላህ እውቀትህን ይባርክልህ» አሉኝ፤ ከልባቸው ነበር። «ብቻ ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ፤ ቲማቲሙን ጋረድከው።»