ጣውንቴ ዛጎል

ሴት በሴት ስትቀና ወግ ነው። ጎረቤት «አይዞሽ» ይላታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥላታል፣ ባልየውም ቢያንስ ያፍራል። በላም የቀናች ሴት ግን ለማን አቤት ትላለች? እስቲ እናንተው ፍረዱኝ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ የምንኖረው ከወረታ ወረድ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ነበር። ባሌ አለሙ ደግ ሰው ነው፤ አይማታ፣ አይሰክር። ግን ዛጎል የምትባል ጥቁርና ነጭ ላም ነበረችው። ከእርሻ ሲገባ በረቱ ደጃፍ ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጥና እስኪመሽ መዥገሯን ይለቅማል፣ አንገቷን ያክክላታል፣ ዝም ብሎ ያያታል። መኪና ገና ብርቅ ነበርና በጎንደር መንገድ አንዱ ባለፈ ቁጥር አገሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ሲወጣ፣ እሱ ዞር እንኳ አይልም። አንድ ቀን ሹሩባ ተሠርቼ፣ ቅቤ ተቀብቼ በፊቱ ወዲያ ወዲህ ብል ቀና ብሎ አየኝና፣ «ዛጎል ዛሬ ጆሮዋን ጥላለች፤ አሟት ይሆን?» አለኝ።

ቀናሁ። አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ። እሷን እንደሚያያት አድርጎ አንድ ምሽት እንኳ ቢያየኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ኋላ ጉልበቱን አመመውና ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊታጠብ ሄደ። እስከዚያ ድረስ ከእሱ በቀር ዛጎልን ያለባት የለም። «ቀስ ብለሽ ያዣት፤ አደራ» አለኝ ሲወጣ። እሷን ለእኔ አደራ ሰጠ፤ እኔን ግን ለማንም አደራ አላለም።

ወጤን እሳት ላይ ጥጄ ወደ በረት ሮጥኩ። ጥጃዋን ለአፍታ አስጠብቼ ነጠቅኩና ጡቷን ሳብ ሳብ ባደርግ፣ ግቷ ሞልቶ ሳለ ጠብታ ነሳችኝ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል፤ የእኔዋ ከበረት ሆና ነው የማላየው! በማግስቱም ብታገላት ጥቂት ጠብ አደረገችልኝና ማለቢያውን ረግጣ ያቺኑ ደፋቻት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ ወተት ደግሞ አይለቀም።

ሲደክመኝ «ወጡም ይረር!» ብዬ ድንጋዩ ላይ ዘጭ አልኩና ግንባሬን ጎኗ ላይ ጣል አደረግኩ። ሆዷ ይሞቃል። ታመነዥካለች፣ ትተነፍሳለች። ጀምበር በጣና በኩል እያዘቀዘቀች ነው፤ ውሃው በሸሸበት ሜዳ ከብቱ ቀስ እያለ ይገባል። ይህን ሜዳ ከተዳርኩ ጀምሮ ሳቋርጠው እንጂ ሳየው አላውቅም። እጄ መቼ እንደጀመረ እንጃ፣ ወተቱ እየተንዠቀዠቀ ይወርዳል። ለካ ባሌ ያን ሁሉ ምሽት ቁጭ ብሎ የሚያየው ይህንን ኖሯል! አንድ ቀን እንኳ «ነይ፣ ተቀመጪ» ሳይለኝ! ይብስ ቀናሁ። አሁን ግን በእሷ ሳይሆን በእሱ።

ከወንዛዬ ሲመለስ እዚያው ተቀምጬ ሳልብ አገኘኝ።

«ለቀቀችልሽ?»

«ለቀቀችልኝ።»

«ምን አርገሻት ነው? ለሰው አትሰጥም እኮ!» አለና ፊቱ ጭፍግግ አለ። ያን ፊት አላጣሁትም፤ ስንት ዘመን እኔው የተሸከምኩት ነው።

ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ ላይ እንዳልቀድመው ከእርሻ በጊዜ ይገባል። እኩል ከደረስን ተጣብበን እንቀመጥበታለን። ለእኔ ብሎ ይሁን ለላሟ አልጠየቅኩትም። በጊዜ የሚገባ ባል፣ ለምን ገባህ አይባልም።