የዮሴፍ መርዶ በኦስዶርፕ

ሰው ከአገሩ ሲወጣ አንድ ነገር መሰብሰብ ሳይጀምር አይቀርም። አንዱ ባዶ የሽቶ ጠርሙስ ይደረድራል፤ አንዱ “አገር ቤት ስገባ ይሆነኛል” እያለ የተበላሸ ራዲዮ አልጋው ሥር ይከምራል፤ ምንም አልሰበስብም የሚለውም ቢያንስ ቂም ይሰበስባል። እኔ ደግሞ በዚያ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ነው፣ የምሰበስበው የሞቱ ጀርመኖችን ነበር።

አትደንግጡ፤ ካርዶቻቸውን ነው። በጦርነቱ ዘመን አንድ የጀርመን ወታደር ሲወድቅ፣ በተለይ ካቶሊክ ከሆነ፣ ቤተሰቡ የመታሰቢያ ካርድ ያሳትምለት ነበር። ከመዳፍ የማትበልጥ ወረቀት ናት። በአንድ ገጿ የጌታ ወይም የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ በሌላው የሟቹ ፎቶግራፍ፣ ስሙ፣ የተወለደበትና የወደቀበት፣ ከግርጌ ደግሞ “ጸልዩለት” የሚል ልመና። ለጸሎቱ የመጣ ሰው አንዳንድ ይወስድና የጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ይሸጉጣታል። ከአርባ ዓመት በኋላ መጽሐፉ ከነካርዱ አምስተርዳም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ሲሰጣ፣ እኔ ከተፍ እላለሁ።

አንድ ሐበሻ የጀርመን ሬሳ ምን ያደርግለታል? ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ “ለታሪክ ነው” እያልኩ አልፌዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቅናት ነው። እኔ በወጣሁበት ዘመን ልጃቸው ተገድሎ ማልቀስ የተከለከሉ እናቶች ነበሩ። ፎቶግራፍ ያለው፣ ስሙ ከነአገሩ የተጻፈለት፣ ጸልዩለት የተባለለት ሟች ሳይ ኪሴ ያለችውን አራግፌ እገዛው ነበር።

ታዲያ ከሁሉ የበለጠ የያዘኝ ዮሴፍ የሚባለው ነው። ጆሮው ገለል ገለል ያለ፣ ፀጉሩ የነጣ፣ ፎቶግራፍ አንሺው “ኮስተር በል” ብሎት እምቢ ያለው ሳቅ ከንፈሩ ጥግ የቀረ ልጅ። ካርዱ “በምሥራቅ ግንባር” ይላል እንጂ የት ቦታ፣ በምን ቀን እንደሞተ አይናገርም፤ መቃብርም የለውም። እኔም ወዲያው ፈረድኩ፦ ይሄ ልጅ አልሞተም! ተማርኮ ከርሞ፣ ተዝካሩ ከተበላ በኋላ ከች ብሎ እናቱን አስደንግጧል። ሄንክ የሚባል ጡረታ የወጣ የትራም ሹፌር የካርድ ወዳጅ ነበረኝ፤ ዴን ሃግ ነው የሚኖረው። እሱ ደግሞ “ሞቷል” ይላል። በዮሴፍ ነገር ስንከራከር ከረምን። በመጨረሻ ሄንክ ነገሩን ለመቁረጥ ጀርመን አገር የወደቁ ወታደሮችን መቃብር ለሚመዘግብ ቢሮ ጻፈ። እኔም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ በሚካኤል ዝክር ላይ ሳይቀር፣ “ዮሴፍ በሕይወት ይኑር እንጂ ሌላ አልፈልግም” ማለት ልማዴ ሆነ። ማንነቱን ግን ለማንም አላስረዳሁም፤ በጀርመን ወታደር ስም ዳቦ ሲቆረስ ማውራት ነውር መስሎኝ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴ ከክረምት ጀምሮ አንድ ደብዳቤ አልጻፈችልኝም። ሌት ተቀን የሚያብሰለስለኝ እሱ ነው። በሰላም ነው? ታማ ነው? ወይስ... የወይስን ነገር ለመሸሽ ይሆናል ዮሴፍን የሙጥኝ ያልኩት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ስልክ አልነበረኝም። የሚፈልገኝ ሰው ሮተርዳም ዙይድ ጋሽ መኮንን ዘንድ ይደውላል፤ የግማሹ ሆላንድ ሐበሻ ስልክ እሳቸው ቤት ነበር። አንድ ሐሙስ ሄንክ ደወለላቸው። ክርክሩን በማሸነፉ ደስታው እንዳይታወቅበት ድምፁን አክብዶ፣ “ለጓደኛዎ ይንገሩት፤ አዝናለሁ፤ ዮሴፍ ሞቷል። እርግጥ ነው፤ መቃብሩም ተገኝቷል” አላቸው። የጋሽ መኮንን ደች ከሜትሮና ከቤት ኪራይ ቢሮ አያልፍም ነበር፤ ይህች ዓረፍተ ነገር ግን ብዙ ደች አትጠይቅም። አንድ ቃል ሳይስቱ ሰሟት።

ለሰለጠነ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ መልእክት ተቀበልክ፣ መልእክት አደረስክ። እኛ ግን ሞትን በስልክ አንናገርም። መርዶ ወግ አለው፤ ማለዳ ነው፣ በሽማግሌ ነው፣ ተሰብስቦ ነው፣ ባለሐዘኑ ራሱን ሲጥል የሚይዙት ጎረምሶች ተዘጋጅተው ነው። ጋሽ መኮንን “አደራ፣ አንተ እንዳትነግረው” ብለው ሄንክን ካስማሉ በኋላ ዴን ሃግ፣ ላክ ሰፈር ወደሚኖሩት ወደ እትዬ አረጋሽ ደወሉ። እትዬ አረጋሽ መርዶ በማርዳት የተመሰከረላቸው ናቸው። “ዮሴፍ ምኑ ነው?” ብለው ጠየቁ። ጋሽ መኮንን አላወቁም። ሌሎቹን ሐበሾች ቢጠይቁ፣ አንዱ ታናሽ ወንድሙ ነው አለ፤ ሌላው አብሮ አደጉ ነው አለ። እትዬ አረጋሽም፣ “በሚካኤል ‘ዮሴፍ ይኑርልኝ’ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ሞቷል፤ ዝምድናውን ሲያለቅስ እንሰማዋለን” ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ አምስተርዳም ዳር፣ ኦስዶርፕ ያለው ቤቴ በር ላይ ተደወለ። ስከፍት እትዬ አረጋሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጋሽ መኮንን በጥቁር ካፖርት፣ ከእሳቸው ኋላ ደረጃው እስከ ታች ድረስ ሐበሻ። ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። ይህን ያየ ሐበሻ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እናቴ ሞታለች።

ገብተው ተቀመጡ። “እማዬ ናት?” አልኩ። መልስ የለም፤ ወጉ አይፈቅድማ! እትዬ አረጋሽ ከአዳም ጀመሩ። ሰው ሟች መሆኑን፣ እግዜር እንደሰጠ እግዜር እንደሚነሣ፣ ወንድ ልጅ እንደሚችል አስረዱኝ። እኔ በየዐረፍተ ነገሩ አንድ አንድ ጊዜ እሞታለሁ። አብርሃም ላይ ስንደርስ ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። ያን ጊዜ እትዬ አረጋሽ፣ “ልጄ፣ ጠንክር። ዮሴፍ አርፏል” አሉ።

“የቱ ዮሴፍ?”

ጋሽ መኮንን እንባቸውን እየጠረጉ፣ “ሆላንዱ ደውሎ ነገረን። መቃብሩም ተገኝቷል” አሉ።

ገባኝ። እናቴ አልሞተችም። ጎረምሶቹ ላይ ተዘረጋሁ፤ ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ የተጠራቀመው እንባ በአንድ ጊዜ ወረደ። እንዲህ ሲለቀስ አይቶ ማን ዝም ይላል? ቤቱ በዋይታ ተናጋ። ከታች የምትኖረው ጎረቤቴ በእንቅልፍ ልብሷ ወጥታ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ሲነግሯት እሷም ዓይኗን አበሰች።

አፌ ሲፈታ ካርዱን አውጥቼ አሳየኋቸውና ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁ። ጋሽ መኮንን ፊታቸው በርበሬ መሰለ። “እኔ ከሥራ ቀርቼ፣ በመጀመሪያው ባቡር መጥቼ፣ ያለቀስኩት ለሂትለር ወታደር ነው?” አሉ። እትዬ አረጋሽ መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን ብዙ አዩት። “ይሄ ገና ልጅ ነው” አሉ። “የፈሰሰ እንባ አይመለስም። ያመጣነውም ወጥ አይመለስም። ተቀመጡ።” ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ መቃብሩን የሚገልጸውን ወረቀት ይዞ ሄንክ መጣ፤ ቤት ሙሉ ሰው ለዮሴፍ ተቀምጦ ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ጠጋ ብሎም በጆሮዬ፣ ቤቱ ሁለት የጫማ ሣጥን ሙሉ ሌሎች እንዳሉት፣ ሰዎቹ ፈቃደኛ ከሆኑ ሊያመጣቸው እንደሚችል ነገረኝ።

ነገሩ በሳቅ አለቀ ብዬ ነበር። ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መርዶውን ሰምቶ ማብራሪያውን ያልሰማ አንድ መንገደኛ አዲስ አበባ ገባ። ከወር በኋላ ጋሽ መኮንን፣ “እሁድ እናትህ ከቴሌ ትደውላለች” ብለው ላኩብኝ። ገና በጠዋት ሄጄ ስልኩ ሥር ተቀመጥኩ።

“ተጽናናህ ልጄ?” አለች። እኔ ግን መጀመሪያ የደብዳቤውን ነገር ጠየቅኳት። ሦስት ደብዳቤ ጽፋልኛለች፤ የትኛው ባሕር እንደበላቸው እግዜር ይወቅ። “የእድሩ ሰዎች በሌሊት መጡብኝ” አለች። “አንተ መስለኸኝ መሬት ከዳችኝ። ዮሴፍ ነው ሲሉኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ምንሽ ነው ቢሉኝ አላውቅም። ግን ልጄ የተቀመጠለት ሰው ባዳ አይሆንም ብዬ ድንኳን አስተክዬ ሦስት ቀን አለቀስኩለት። አልቃሿ መልኩን ስትጠይቀኝ እንኳ፣ ያ ጠይሙ፣ ያ ዘንካታው በይልኝ አልኳት።”

“እማዬ፣ ዮሴፍ ጀርመን ነው።”

“ፈረንጅ?” አለች።

“ፈረንጅ ነው። ፀጉሩም ነጭ ነው። የሞተውም ከአርባ ዓመት በፊት ነው።”

“እናቱስ ተረድታለች?”

“ድሮ ነው የተረዳችው፣ እማዬ።”

“እንግዲህ አንዴ አልቅሼለታለሁ፤ ነፍሱን ይማር” አለች። “በሕይወት ካለችና ከጻፍክላት፣ ከልቤ ማልቀሴን ንገራት። ጠይም ማለቴን ግን አደራህን እንዳትነግርብኝ።”