ለዋሻው አውሬ ሥዕል ፍለጋ

ትናንት ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ ሸለብ አደረገኝና በሕልሜ ሳልባጅ ተራ ሄድኩ። የሄድኩት ግን ልገዛ ሳይሆን ልሸጥ ነበር። እኔና ሌሎች ደራሲያን መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ተከምረናል፤ ሥዕሎች ከነፍሬማቸው ቆመው ያገላብጡናል።

"ምረጥ፣ ምረጥ፣ ደራሲ በርካሽ" ይላል አንድ ባለቀንድ ጋኔን።

ለምን እዚያ እንደተገኘሁ በሕልሜም አልጠፋኝም። እኔና ባለቤቴ ውባንቺ ሦስት ዓመት የደከምንበት የጨዋታ መጽሐፍ አለን፤ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ አንዱ ጀግና አንዱ ጠንቋይ ሆኖ የሚጫወቱት ተረት ነው። የጎደለን አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ ዋሻ በር ላይ መቶ ዓመት ተኝቶ የሚኖረው አውሬ። ሠዓሊ ለማሠራት አቅሙ ስለሌለን፣ ተስሎ የተቀመጠ፣ ማንም ትንሽ ከፍሎ የሚወስደው ሥዕል ስንፈልግ ሰነበትን። ገጹ በዚያው ቀን እስከ አሥር ሰዓት ማተሚያ ቤት ካልደረሰ ማሽኑ የአዲስ ዓመት ካላንደር ይጀምራል፤ የእኛ መጽሐፍ ለጥር ይተላለፋል። ለጥር የተላለፈ ነገር ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም።

አንዲት ጋሻ የያዘች ልዕልት አንስታኝ ብብቴን ፈተሸች።

"ይሄማ ተለብሶ ያለቀ ነው" አለችና ወረወረችኝ። ከፋኝ።

የወደቅኩት አንድ አውሬ እግር ሥር ነበር። ሰፊ አፍንጫው፣ የተንዘረጠጠ ሆዱ፣ ሁሉ ነገሩ የእኛ አውሬ ነው። ወደድኩት።

"ልውሰድህ?" አልኩት።

"ሽማግሌ ላክ" አለኝ።

ወዲያው የአውሬው ቤት ሳሎን ውስጥ ነበርን። ሽማግሌ ሆነው የመጡልኝ አንድ ፂማም አስማተኛና አንድ ፈረሰኛ ነበሩ። ፈረሱ ሥዕሉ ሲቆረጥ ስለቀረ ፈረሰኛው አየር ላይ ተቀመጠ። የአውሬው አጎት፣ ያረጀ ዘንዶ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወግ ነውና ሰባት ቤት ይቆጠር" አለ።

ቆጠሩ። አውሬው ርካሽ ስለሆነ ያልገባበት የለም። ሦስት የተረት መጽሐፍ፣ አንድ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ፣ የብስኩት መጠቅለያ።

"ብስኩቱን በልተሃል?" አለኝ ዘንዶው።

"በልቻለሁ" አልኩ። በሕልም መዋሸት አይቻልም።

"አምስተኛው ላይ ተገናኛችሁ። ዘመዳሞች ናችሁ፤ አይሆንም።"

"ጋሼ፣ ሥዕል እኮ ነው።"

"ሥዕል ስለሆነ ነው የምንቆጥረው። ሰው ቢሆንማ ዝም ብለን በዳርነው።"

አውሬው አለቀሰ። "እኔም አንዴ እንኳ የብቻዬ በሆነ መጽሐፍ ውስጥ መተኛት አምሮኝ ነበር" አለ። አንጀቴን በላው። ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ወሸቅኩትና ሮጥኩ።

ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቀኖች ተሰልፈዋል። መስከረም አንድ አዲስ ልብስ ለብሶ ከፊት ቆሟል፤ ዘግይታ የደረሰች ጳጉሜ አምስት "የመጨረሻው ማነው?" እያለች ትጠይቃለች።

"አንድ ገጽ ብቻ ነው የያዝኩት፣ አሳልፉኝ" ብዬ ለመንኩ።

"እኔስ አንድ ቀን ብቻ አይደለሁም?" አለኝ መስከረም አንድ።

አውሬው ብብቴ ሥር እንቅልፍ ወሰደው። እየተኛ በሄደ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። ማሽኑ ከሩቅ ማጓራት ጀመረ። ሦስት ዓመት ሙሉ የደከምንበት ከእጄ ሊወጣ ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣ አለኝ።

"እንደዛው ክፈተው፣ እንዳትዘጋው" አለችኝ ውባንቺ።

ነቃሁ። ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ወንበር ስባ፣ ወረቀት ጭኗ ላይ አድርጋ በእርሳስ ትሞነጫጭራለች። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። አንገቴን ሰገግ አድርጌ ወረቀቱን አየሁት። ዋሻ በር ላይ ተጋድሞ የሚያንኮራፋ፣ የኔን ሸሚዝ የለበሰ አውሬ ነው።

"ውባንቺ፣ ይሄ ምንድነው?"

"አትንቀሳቀስ በናትህ። ለማተሚያ ቤቱ ደውዬላቸው እየጠበቁን ነው፤ የቀረኝ ለሃጩ ብቻ ነው።"