የጎረቤቴ የመስታወት ደረጃ

ለሰው ዓይን ብሎ ቤት የሚሠራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የለቡው ጎረቤቴ አቶ ግርማ በመጽሔት ያየውን የባሕር ዳርቻ ቪላ ተመኝቶ፣ ከጭቃ በቀር ባሕር በማያውቀው ሰፈራችን መደገፊያ የሌለው፣ አየር ላይ የተንሳፈፈ የሚመስል የመስታወት ደረጃ አስገጠመ።

በቤት ምረቃው ዕለት እናቱን ፎቅ ወጥተው እንዲመርቁት ለመናቸው።

«አንተ ቅደም፤ እኔ እከተልሃለሁ» አሉት።

እንግዳው ሁሉ እያየው መውጣት ጀመረ። ለካ ከተገጠመ ወዲህ አንድም ቀን ወጥቶበት አያውቅም ነበር! መሀል ላይ ቁልቁል ሲያይ ከእግሩ ሥር የእኛ አናት ብቻ ታየው። ባለበት ቁጭ አለ፤ ላብ አጠመቀው። ማን ይሳቅ? እኔም ልጆቼን በዓይኔ ገሠጽኩ።

«አይዞህ ልጄ» አሉ እናቱ እጃቸውን ዘርግተው፤ «ዓይንህን ጨፍነህ እየተንፏቀቅህ ውረድ።»

ለዓይን ያሠራውን ደረጃ ዓይኑን ጨፍኖ ወረደው። ምርቃቱንም እዚያው ምድር ቤት ተቀበለ።